«አልሠራ አለኝ» ከማለትዎ በፊት፦ ለኮምፒውተር ችግር እርዳታ ስለመጠየቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቴሌግራም ቡድኖችና በመሳሰሉት የመረዳጃ ቦታዎች የኮምፒውተርና የፕሮግራም ጥያቄዎችን መመለስ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ከሁሉም አብዝቼ ያነበብኩት «አልሠራ አለኝ» የሚለውን ነው። ጠያቂው ስክሪኑ ከፊቱ ስላለ ሁለት ቃል የበቃ ይመስለዋል። መላሹ ግን ሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም ሌላ አገር ተቀምጦ ከእነዚያ ሁለት ቃላት በቀር የሚያየው የለም። ከዚህ በታች የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች በተለይ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ናቸው።

«ሰላም፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» ብዬ ብጀምር ነውር አለው?

ሰላምታ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ያለ ሰላምታ ዘሎ ወደ ጉዳይ መግባት በእኛ ዘንድ ያስከፋል። ችግር የሚሆነው ሰላምታው ብቻውን ሲላክ ነው። ቡና ላይ ስንገናኝ ስለ ቤተሰብ ጤና ተጠያይቀን ወደ ነገሩ የምንገባው ሁለታችንም እዚያው ስላለን ነው። በጽሑፍ ግን ሰላምታዎን ጠዋት ይልካሉ፤ መላሹ በምሳ ሰዓት አይቶ «ሰላም፣ ምን ልርዳ?» ይላል፤ እርስዎ ደግሞ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ያነቡታል። ቀኑ አለፈ፣ ስለ ችግሩ ግን ገና አንድም ቃል አልተነገረም። ሰላምታውንም ጉዳዩንም በአንድ መልእክት ያድርጓቸው።

«እዚህ ኤክሴል የሚያውቅ አለ?» የሚለውም ያው ነው። ገና ላላየው ጥያቄ «እኔ አለሁ» ብሎ ዋስ የሚሆን ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄውን ካዩት ግን ኤክሴልን በደንብ አላውቅም የሚሉ ሰዎች ጭምር መልሱን ይዘው ይመጣሉ።

ምን ያህል ዝርዝር ልጻፍ? ረጅም ጽሑፍ የሚያነብልኝ አገኛለሁ?

ሰው የሚሰለቸው ርዝመቱ ሳይሆን ፍሬ ሲያጣበት ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ስከፍት የምፈልጋቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ ምን ለማድረግ እንደፈለጉ፣ በትክክል ምን እንዳደረጉ፣ ምን ይሆናል ብለው እንደጠበቁ፣ በምትኩ ምን እንደሆነ። እነዚህን በአምስት ወይም በስድስት መስመር መጻፍ ይቻላል። የመሣሪያውንና የፕሮግራሙን ስም ከነስሪቱ ይጨምሩበት፤ ዊንዶውስ 10 ላይ አንድ ቦታ ያለ ማስተካከያ ዊንዶውስ 11 ላይ ሌላ ቦታ ሊሆን ስለሚችል፣ ስሪቱን ካላወቅሁ የሌለ ምናሌ ፈልጉ እያልኩዎት ልውል ነው።

አንድ መስመር ደግሞ ከሁሉም በላይ እለምናለሁ፦ ነገሩ ትናንት ይሠራ ከነበረ፣ ከትናንት ወዲህ ምን ተቀየረ? ብዙዎች ይህችን ይደብቃሉ። ከአንድ ቪዲዮ ላይ አይተው ፋይል ሰርዘዋል፣ ወይም ጓደኛ የሰጣቸውን ፕሮግራም ጭነዋል፤ ያንን መናገር ያሳፍራቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። እኔም በጀማሪነቴ አንድ የሰረዝኩትን ፋይል ሳልናገር ሦስት ሰዎችን ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ አድክሜያለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«የአማርኛው ፊደል ተበላሸብኝ» ብዬ ስጠይቅ አራት ሰው አራት የተለያየ መልስ ሰጠኝ። ማንን ልመን?

አራቱም እንደየግምታቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ላይ የሚበላሽበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የብልሽቱም መልክ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ሰው ስለ ዝርዝር ጥቅም ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የማነሣው ይህንን ምሳሌ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ደህና ነው። ማሽኑ ፊደሉ የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ የሚስልበት ቅርጽ ግን የለውም። እንደ ናያላ ወይም ኖቶ ያለ የግዕዝ ፊደላትን የያዘ ፎንት ሲጫን ሣጥኖቹ ወደ ፊደል ይመለሳሉ።

በሣጥን ፋንታ ተራ የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። አንድ ቦታ ላይ የላቲን ፊደላትን ብቻ የሚያውቅ ክፍል ጽሑፉን ተቀብሎ፣ ያላወቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶታል ማለት ነው። ይህ የሆነው ጽሑፉ ሲነበብ ብቻ ከሆነ የሚያነበው ፕሮግራም ከማከማቻው ጋር ያለውን ግንኙነት ማስተካከል ይበቃል። ሲቀመጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማይኤስኪዩኤል በሚባለው የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ሠንጠረዥ ለላቲን ብቻ ተብሎ ተሠርቶ ከነበረ፣ ዋናው ፊደል ጠፍቷል። መቶ ፎንት ቢጫን አይመለስም፤ ሠንጠረዡ ተስተካክሎ ጽሑፉ እንደገና መግባት አለበት።

ሦስተኛው መልክ ከነጭረታቸው የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚያስቀምጥበት አጻጻፍ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (ሦስት የማከማቻ ክፍል) ይይዛል። ያንን ጽሑፍ በአሮጌው የምዕራብ አውሮፓ አሠራር የሚያነብ ፕሮግራም ሲያገኘው እያንዳንዱን ባይት ራሱን እንደቻለ ፊደል ይቆጥረዋል። ከሀ እስከ ፐ ያሉት ፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ በአናቷ ላይ ጭረት ያላት ትንሿ የላቲን «ኤ» (á) በየመሃሉ እየተመላለሰች ትታያለች። እሷን ያየ መላሽ ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልገውም። የሲኤስቪ ፋይል (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) በኤክሴል በቀጥታ ሲከፈት ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ፋይሉን በ«ዳታ» በኩል አስገብቶ 65001 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ዩቲኤፍ-8 ሲመርጡ አማርኛው እንዳለ ይወጣል። የጠፋ ነገር የለም።

አራተኛው የአሮጌ ሰነድ ጣጣ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ይሆናል። መፍትሔው ያንኑ ፎንት መጫን ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ ነው።

እንግዲህ «ፊደሉ ተበላሸ» የሚለው ዓረፍተ ነገር አራቱንም ይሸፍናል። «ጽሑፉን ያስገባሁት በድረ ገጽ ቅጽ ነው፤ የሚቀመጠው በማይኤስኪዩኤል ነው፤ መልሼ ሳወጣው እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኗል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ስለ ፎንት የመከሩት ሰዎች ዝም ይሉ ነበር፤ ነገሩን የሚያውቀው ሰው በአንድ መልእክት ይጨርሰው ነበር።

የስህተቱ መልእክት እንግሊዝኛ ነው። ወደ አማርኛ ተርጉሜ ብጽፈው አይሻልም?

አይሻልም። ሲተረጎም የሚፈስ ነገር አለ። አንዱ መልእክት ፋይሉ ከነአካቴው የለም ይላል፤ ሌላው ፋይሉ አለ፣ ለመክፈት ግን ፈቃድ የለህም ይላል። ጠያቂዎች ሁለቱንም «ፋይሉን አልከፍት አለኝ» ብለው ያመጧቸዋል። መንስኤያቸው የማይገናኝ ነው።

መልእክቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከነቁጥሩ፣ ከነፋይሉ ስምና ከነመስመሩ ገልብጠው ይለጥፉ። ያልገባዎትን ክፍል ቆርጠው አይጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ቁልፉ ያለው እዚያ ነው። የራስዎን ማብራሪያ በአማርኛ ከሥሩ ይጻፉ።

የስክሪኑን ፎቶ አንሥቼ ብልክስ?

ችግሩ በዓይን የሚታይ ከሆነ፣ እንደ ላይኛው የሣጥንና የጥያቄ ምልክት ጉዳይ፣ ምስል የግድ ነው። ለስህተት መልእክትና ለኮድ ግን ጽሑፉ ይሻላል። ከፎቶ ላይ ገልብጦ መሞከር አይቻልም፤ ነገ ያው ችግር የሚያጋጥመው ሰውም ፈልጎ አያገኘውም። በስልክ ከጎን የተነሣና የመብራት ነጸብራቅ ያረፈበት ፎቶ ደግሞ ዳታውን እየቆጠበ ለሚያነብ ሰው ሸክም ነው።

የፕሮግራሜን ሙሉ ኮድ ልላክ?

ሙሉውን አይላኩ፤ ችግሩን የሚያሳየውን ትንሹን ክፍል ብቻ ይላኩ። ያንን ትንሽ ክፍል ማግኘት ራሱ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ከሁሉም የሚክስ ሥራ ነው። ፋይሉን ወደ ሌላ ስም ይቅዱት። ከቅጂው ላይ ግማሹን አንሥተው ይሞክሩ፤ ስህተቱ አሁንም ካለ የተነሣው ግማሽ ንጹሕ ነው፣ ስህተቱ ከጠፋ ደግሞ ምክንያቱ እዚያ ውስጥ ነው። 400 መስመር ያለውን ፋይል አራት ጊዜ ብቻ በማጋመስ ወደ 25 መስመር ማውረድ ይቻላል። ኮድ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም፤ ያም ሆኖ ወደ ምክንያቱ ያቀርባል።

ብዙ ሰው ጥያቄውን ሳይልክ የሚቀረው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ስህተቱን ራሱ አግኝቶት! ይህ በደረሰብዎት ቀን መልሱን ከማንም ከመስማት የበለጠ ደስ ይላል።

ኮዱን በእጅ እንደገና አይጻፉት፣ ይገልብጡት። በእጅ ሲጻፍ የነበረው ስህተት ይታረምና ያልነበረ ሌላ ስህተት ይገባል፤ መላሹም ያልነበረውን ሲያሳድድ ይውላል።

የጠየቅሁት ሌላ፣ የሚጠይቁኝ ሌላ። «ለምን ፈለግኸው?» የሚሉኝ ለምንድን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ኤክሴል ላይ ከዓመተ ምሕረት 8 የሚቀንስበትን ቀመር ጠየቀ። ቀመሩ ቀላል ነው፤ ሰው ሰጠው፣ አመስግኖ ሄደ። ከወራት በኋላ ግማሹ መዝገብ ተዛባብኝ ብሎ መጣ። ሲጠየቅ፣ ሲፈልግ የነበረው የፈረንጆችን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጥ ነበር። 8 መቀነስ የሚሠራው ከጃንዋሪ 1 እስከ እኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ ብቻ ነው፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። መስከረም 1 ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ጳጉሜንም አለች። ይህ ሁሉ በአንድ ቅነሳ አይፈታም።

ሰውየው በመጀመሪያው ቀን «የሠራተኞች የቅጥር ቀን በፈረንጆች ተመዝግቧል፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ልለውጠው እፈልጋለሁ፤ 8 ልቀንስ አስቤ ነበር» ቢል ኖሮ መንገዱ እንደማያዋጣ ወዲያው ይነገረው ነበር። ስለዚህ ያሰቡትን መፍትሔ ሲጠይቁ ከበስተጀርባው ያለውን ጉዳይ አብረው ይንገሩ። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅዎት ሰው ሊመረምርዎት ሳይሆን ከድካም ሊያድንዎት ነው።

ከመጠየቄ በፊት ፈልግ ይሉኛል። ፈልጌ ባላገኝስ?

በአማርኛ መፈለግ የራሱ ችግር አለበት። አንዱ «ሥርዓት» ይጽፋል፣ ሌላው «ስርአት»፤ አንዱ «ጸሐፊ»፣ ሌላው «ፀሀፊ»። ብዙ የመፈለጊያ መሣሪያዎች እነዚህን እንደ ተለያዩ ቃላት ያዩአቸዋል። አንዴ ፈልገው ካጡ በሌላው ሀ፣ በሌላው ሰ፣ በሌላው ጸ ይሞክሩ። የስህተት መልእክት ከሆነ ደግሞ በእንግሊዝኛው እንዳለ ይፈልጉት። እንዲያም ሆኖ ካጡ ጥያቄውን ሲጽፉ የፈለጉበትን ቃልና ያገኙትን ይጥቀሱ፤ አንድ መስመር ይበቃል።

አማርኛን በላቲን ፊደል አይጻፉ ብዬ የምጨቀጭቀውም ለዚሁ ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ አጻጻፍ ስለሚጽፈው ነገ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

በአማርኛ ልጠይቅ ወይስ በእንግሊዝኛ?

እንደ ቦታው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው በዋናው ገጹ እንግሊዝኛ ብቻ ይቀበላል፤ በስፓኒሽ፣ በፖርቱጋልኛ፣ በሩሲያኛና በጃፓንኛ የተለዩ ገጾች አሉት፣ በአማርኛ የለውም። እዚያ የሚሄዱ ከሆነ አጭርና ቀላል እንግሊዝኛ ይበቃል፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተጻፈ ግን ኮዱና የስህተት መልእክቱ የተሟላ ጥያቄ ጥሩ መልስ ሲያገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ። በአማርኛ ቡድኖች ውስጥ ደግሞ ያለ ሐፍረት በአማርኛ ይጠይቁ። ሐሳብዎን አጥርተው የሚያስረዱበት ቋንቋ ይበልጣል።

ሰዓትና ቀን ስጽፍ የምጠነቀቀው ነገር አለ?

አለ፣ በተለይ ችግሩ ከሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት ከሚሰጥ ኮምፒውተር) ጋር የተያያዘ ከሆነ። «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆመ» ቢሉ፣ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰርቨሮች የሚመዘግቡበት ሰዓት ግን ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ መዝገቡ ላይ 6 ተብሎ ይገኛል። ለአንድ ቅጽበት ሦስት ቁጥር! ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የተቀመጠ ወገን ሊረዳዎት ሲሞክር የትኛውን እንደሚያሳድድ አያውቅም። በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፉ ይግለጹ፤ ቀኑንም እንዲሁ።

ጥያቄዬ የሞኝ ጥያቄ እንዳይሆን እፈራለሁ። በውስጥ መስመር ለአንድ ሰው ብቻ ብጽፍስ?

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። የፈሩትን ጥያቄ ይዘው ዝም ያሉ ሌሎች ብዙ ሰዎች እዚያው ቡድን ውስጥ አሉ፤ እርስዎ ሲጠይቁ እነሱም ይማራሉ። ጀማሪን የሚያሸማቅቅ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ የቡድኑ ኃላፊዎችም ዝም ሊሉት አይገባም። ይህን በተለይ ለሴት እህቶቼ እላለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ጥያቄያችሁን በወንድም ስም እንደምታስጠይቁ አውቃለሁ፣ በራሳችሁ ስም ጠይቁ።

የውስጥ መስመር ሌላም አደጋ አለው። በአደባባይ የተሰጠ የተሳሳተ ምክር ሌላ ሰው ያርመዋል፤ በውስጥ የተሰጠውን የሚያርመው የለም። ከዚህም የከፋ አለ፦ ችግርዎን አንብቦ በውስጥ መስመር «ልርዳህ» ብሎ የሚመጣ የማያውቁት ሰው። በአጭር መልእክት የደረሰዎትን የማረጋገጫ ቁጥር፣ የባንክ ወይም የቴሌብር የምሥጢር ቁጥር ከጠየቀዎት ረዳት አይደለም፤ ሌባ ነው። ኮምፒውተርዎን ከርቀት የሚያስከፍት ፕሮግራም ጫን ካለም አይጫኑ። ለቡድኑ በሚልኩት ኮድና ምስል ውስጥም የይለፍ ቃልና የስልክ ቁጥር እንዳይኖር ከመላክዎ በፊት አንድ ጊዜ ይመልከቱ።

መልስ ሳላገኝ አንድ ቀን አለፈ። ምን ላድርግ?

መላሾቹ ሥራ ያላቸው፣ ያለ ክፍያ የሚረዱ ሰዎች ናቸው። «ኧረ እባካችሁ» ብለው ከመድገም ይልቅ ከዚያ ወዲህ የሞከሩትን አዲስ ነገር ጨምረው ይመለሱ፤ ያ ጥያቄውን ሕያው ያደርገዋል። «አስቸኳይ» የሚለው ቃል መልስ አያፋጥንም፤ ርዕሱ ላይ ቦታ ይይዛል እንጂ። ሌላ ቡድን ውስጥም ከጠየቁ ይንገሩን፤ እዚያ ለተፈታ ጉዳይ እዚህ ሰው እንዳይደክም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠይቄ ያገኘሁትን መልስ ሞክሬ አልሆነም። ልጥቀሰው?

ይጥቀሱት፣ ከየት እንዳገኙትም ይናገሩ። በሌላ ሰው ጥያቄ ሥር ግን ያላረጋገጡትን የማሽን መልስ እንደ ራስዎ አድርገው አይለጥፉ። ስታክ ኦቨርፍሎው እንዲህ ያሉ መልሶችን በዲሴምበር 2022 የከለከለው ልክ መስለው የተሳሳቱ መልሶች ስለበዙበት ነው። ያነበበው ጀማሪ ልዩነቱን አያውቀውም።

ችግሬ ተፈታ። «ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ» ማለት ይበቃል?

ምስጋናው ደስ ይላል፤ ግን ምን እንዳስተካከለው ይጻፉልን። አንድ ጊዜ ለራሴ ችግር ስፈልግ ቃል በቃል የእኔን የስህተት መልእክት የያዘ ጥያቄ አገኘሁ። ከሥሩ ስምንት ሰዎች ስምንት ነገር መክረዋል፤ መጨረሻ ላይ ጠያቂው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሠራልኝ» ብሏል። ከስምንቱ የትኛው? ስምንቱንም መሞከር ነበረብኝ። ሥራውን የጨረሰው ሰባተኛው ነበር።

ራስዎ ካገኙትም እንዲሁ ያድርጉ፤ ጥያቄውን አይሰርዙት። «ችግሩ የነበረው ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ሳላስቀምጥ መላኬ ነው፤ እንደገና አስቀምጬ ስከፍተው ወጣ» የምትል አንዲት መስመር ከጥያቄው ሥር ትቀመጥ።